ከጥርስ ሕመም ነጻ የወጣች ከተማ

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ብጽፈው በሳምንቱ «የእርምት ጥያቄ» የሚል፣ ሦስት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይደርሰኛል፤ እኔ ደግሞ የዚያን አገር ደብዳቤ ማንበብ ሰልችቶኛል። ወደዚያ የተመደብኩት ጥርስ እንዳክም ነበር። ስድስት ዓመት የተማርኩት ሌላ ነገር አልነበረም።

የደረስኩት ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት በተከራየሁበት ግቢ ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ ጥርሴን ስቦርሽ፣ የማጉያ መነጽር በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ረዥም ሰውዬ በሩን ከፍተው ገቡ። እጃቸው ላይ ቅጽ፣ ጆሯቸው ላይ እስክሪብቶ። አዩኝና ባሉበት ቆሙ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

አፌን አረፋ ስለሞላው መልስ አልሰጠሁም።

«እየተጠቀመችበት ነው!» ብለው ወደ ቤቱ ጮኹ። «ወይዘሮ ትርፌ! እዚህ ግቢ ውስጥ ብሩሽ አፍ ውስጥ ገብቷል!»

አከራዬ እትዬ ትርፌ የሽንኩርት ልጣጭ ከእጃቸው እያራገፉ ሮጠው ወጡ። ሰውዬውን ሲያዩ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። «ኧረ በሞቴ ጋሽ ልመንህ! እንግዳ ናት። ትናንት ነው የገባችው፣ ደንቡን አታውቅም።»

ጋሽ ልመንህ የከተማዋ የብሩሽ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ብሩሼን ከእጄ ወስደው በማጉያው አዩት፣ አሸተቱት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ጫፉ ጎብጧል። እርጥብ ነው። ቀለሙም ለቋል» እያሉ ጻፉ። ከታች በትልቁ «ያገለገለ» ብለው አሰመሩበት።

«ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

አረፋውን ተፋሁት። «የጥርስ ሐኪም ነኝ።»

የግቢውን በር መለስ አደረጉት። «በይ እንግዲህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው እንዳይሰማ።»

ነገሩ ከአምስት ዓመት በፊት እንደጀመረ እትዬ ትርፌ የነገሩኝ በዚያው ዕለት ነው። የአፍ ጤና ንቅናቄ ጽሕፈት ቤት የሚባል ተቋቋመ፣ አዋጅ ተነገረ፣ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ብሩሽና አንድ የጥርስ ሳሙና ታደለ። እስከዚህ ድረስ ምንም አይወጣለትም። ጣጣው የመጣው ሰው መቦረሹን ማረጋገጥ ላይ ነው። በዚያ አገር ሹም ፊት አፍ መክፈት ነውር ነው። ለባለሥልጣን የሚናገር ሰው እጁን ወይም ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ሹም ፊት ያዛጋ ሰው ልጆቹ ትዳር ሲፈልጉ እንኳ ይነሳባቸዋል። ተቆጣጣሪ ደግሞ ሹም ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪ የማንንም ጥርስ ሊያይ አይችልም። ጽሕፈት ቤቱ ለስድስት ወር ስብሰባ ተቀመጠና መላ አገኘ፤ ጥርሱ ካልታየ ብሩሹ ይታያል። ብሩሹ ንጹሕ ከሆነ ሰውዬውም ንጹሕ ነው።

ንጹሕ ብሩሽ እንዴት እንደሚገኝ ለማወቅ ሕዝቡ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። የቦረሸ ሰው ብሩሽ ይጎብጣል፣ ይቆሽሻል፣ ነጥብ ያስቀንሳል። ያልቦረሸ ሰው ብሩሽ እንደ ነጣ ይኖራል። በሁለተኛው ዓመት ከተማው በሙሉ ብሩሹን ከነፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። የእትዬ ትርፌ ብሩሽ ሳሎን ውስጥ፣ ከሟች ባላቸው ፎቶግራፍ በላይ፣ መስታወት ባለው ሳጥን ውስጥ ነበር። ባልየው ትንሽ ዝቅ እንዲሉ ተደርገዋል።

የቀረው መፋቂያ ነው። የከተማዋ ሰው እስከዚያ ድረስ ጥርሱን የሚያጸዳው በመፋቂያ ነበር፤ ገበያ ላይ በእስር በእስር የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። ጽሕፈት ቤቱ «ከንቅናቄው ጋር የሚፎካከር እንጨት» ብሎ ከለከለው። ሴቶቹ ወደ ማገዶ ንግድ ተዛወሩ። እኔ ስደርስ ከተማዋ ውስጥ ሦስት ሺህ ያልተነካ ብሩሽ ነበር። የጸዳ አፍ ግን አንድም ያለ አልመሰለኝም።

በዚህ ሁሉ ላይ «ሞዴል ቤት» የሚባል ነበር። ሦስት ዓመት በተከታታይ እንከን የሌለው ብሩሽ ያሳየ ቤት በሩ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይሰቀልለታል። አረንጓዴ ጨርቅ ያለው ቤት ቧንቧ ይገባለታል። የሰፈሩ አሥራ አራት ቤቶች ውሃ የሚቀዱት ከእትዬ ትርፌ ቧንቧ ነበር፤ ከዚያ በፊት ቁልቁል ወንዝ ይወርዱ ነበር፣ አንድ ሰዓት ሲወርዱ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሲወጡ። ጨርቁ ከወረደ ቧንቧው ይዘጋል። ይህን የነገሩኝ እትዬ ትርፌ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሴን በር ዘግቼ፣ እንደ ሌባ፣ ጣሳ ውስጥ እየተፋሁ ቦረሽኩ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ደህና ክፍል ነበረኝ። ወደ ኋላ የሚለጠጥ ወንበር፣ መብራት፣ ሙሉ የጉጠት ስብስብ። ታማሚዎቼ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ በጣታቸው ጉንጫቸውን ያሳያሉ። አፋቸውን አይከፍቱም።

«ይክፈቱ እንጂ።»

«እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት» ይሉኛል ከእጃቸው ጀርባ። «ከውጭ በኩል ያክሙኝ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘዴው ገባኝ። ጋውኔን አውልቄ ሚስማር ላይ ስሰቅለው እኔ ሹም መሆኔ ይቀራል፣ እነሱም አፋቸውን ይከፍታሉ። ውስጡን ያየሁትን አልተርክም፤ ምግብ ላይ የሚያነብ ሰው ሊኖር ይችላል።

በአምስተኛው ወር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጓንጉል ከተማዋ «ከጥርስ ሕመም ነጻ» ተብላ እንደምትታወጅ አስታወቁ። በዓሉ ቅዳሜ ነው። የክብር እንግዳ ከዋናው ከተማ ይመጣል። የዓመቱ ሞዴል ሆነው ዋንጫ የሚቀበሉት ደግሞ ወይዘሮ ትርፌ ናቸው።

ሰኞ ዕለት እትዬ ትርፌ ግራ ጉንጫቸው አብጦ ነበር።

«ብርድ ነው» አሉኝ።

«ጉንጭ ብቻ የሚመርጥ ብርድ የለም።»

ከእኔ ፊት ነጠላ መሸፈን ከተው ቆይተዋል። አፋቸውን በግድ አስከፈትኳቸው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው እስከ ሥሩ በስብሷል፣ ሥሩ መግል ይዟል። ሻንጣዬ ውስጥ የነበረኝን የኢንፌክሽን ካፕሱል ሰጠኋቸውና መግል ግን በካፕሱል ብቻ እንደማይወጣ ነገርኳቸው። ጥርሱ መነቀል አለበት።

«ከቅዳሜ በኋላ» አሉ።

«ለምን ከቅዳሜ በኋላ?»

«አንቺ ደግሞ! የታማሚ መዝገብ ላይ ስሜ ሲገባ ጨርቁ የሚቀር ይመስልሻል? ዕቁባይ ባለፈው ሳምንት ነው የወለደችው፤ አራስ ልጅ ይዛ ወንዝ ትውረድ?»

ዕቁባይ የምትባለው ጎረቤታቸው ናት። እየተናደድኩ ወደ አቶ ጓንጉል ሄድኩ።

«አንድ ታማሚ አለችኝ» አልኳቸው።

«የለችሽም።»

«እትዬ ትርፌ ናቸው። መንጋጋቸው መግል ይዟል።»

አቶ ጓንጉል ሰፊ፣ ትዕግሥተኛና ሁልጊዜ ፋይል የሚያገላብጡ ሰው ናቸው። «ሪፖርቱ ዛሬ ጠዋት ሄዷል» አሉ። «የጥርስ ታማሚ፣ ዜሮ። አንቺ ከዜሮ ላይ አንድ የምታወጪው በየትኛው ሒሳብ ነው? ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይሄንን ነው?»

«በሽታው ሪፖርቱን አላነበበም።»

«እሱ የበሽታው ስንፍና ነው።»

«አቶ ጓንጉል፣ እብጠቱ ወደ አንገት እየወረደ ነው። ከቆየ መተንፈሻቸውን ሊዘጋው ይችላል።»

ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይሉን ዘጉት። አሰቡበት። «መተንፈሻ ከሆነ» አሉ በእፎይታ፣ «የእኛ ዘርፍ አይደለም።» ከዚያ ሰው ናቸውና አዘኑልኝ። «ስሚ፣ ቅዳሜ በዓል ነው፣ እሑድ ዕረፍት ነው። ሰኞ ጠዋት ትታመም። እኔ ራሴ ፈርሜ እቀበላታለሁ።»

መዝገብ ሳልነካ፣ ለማንም ሳልናገር ልነቅለው ወሰንኩ። ሐሙስ ወደ ክፍሌ ስሄድ በሩ ላይ «ተልእኮውን ያጠናቀቀ ክፍል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁት። በመስኮት አየሁ። ወንበሩ የለም፣ መብራቱ የለም፣ ጉጠቶቼ የሉም። ማደንዘዣው እንኳ የለም። ሚስማሩ ላይ ጋውኔ ብቻ ቀርቷል።

ዕቃ ያወጡት ጋሽ ልመንህ ናቸው ተባልኩ። ቤታቸው የሉም። ቢሮአቸው የሉም። በመጨረሻ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የቁልቋሉ አጥር ሥር፣ ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። አፋቸው ውስጥ የጣት ርዝመት ያለው መፋቂያ ነበር። በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ፣ ከፊት ወደ ኋላ እየፋቁ ነበር።

አዩኝ። መፋቂያውን ለመዋጥ ሞከሩ።

«ይተዉት፣ ያንቅዎታል» አልኩ። «ደግሞ ሁለተኛ ታማሚ ይሆኑብኛል።»

ከአፋቸው አወጡት። ከዚያ በፊት ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም፤ ሁሌም በቅጹ ይሸፍኑት ነበር። ሠላሳ ሁለቱም አሉ። ነጭ ናቸው። እዚያ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ሳይጠበቅ ባሕር እንደማየት ነው።

«ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ እንደሚናዘዝ ሰው። «ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ጠዋት አላለፈኝም። ከክልከላው በኋላ እዚህ እየመጣሁ ነው። ለአቶ ጓንጉል ትነግሪያለሽ?»

«ዕቃዎቼ የት ናቸው?»

«መድረኩ ላይ።»

«የትኛው መድረክ?»

«የቅዳሜው ነዋ። ወንበርሽ ከተማው ውስጥ ካለው ወንበር ሁሉ የተሻለ ነው ተብሎ ለክብር እንግዳው ሆነ። ሌላው ዐውደ ርእይ ነው። 'የቀድሞው ዘመን መሣሪያዎች' ይላል። መስታወት ተገጥሞበት፣ ሪባን ታስሮበት በጥበቃ ተይዟል። ከመመረቁ በፊት ማንም አይነካውም፣ እኔም ጭምር።»

«እትዬ ትርፌ እየሞቱ ነው ጋሽ ልመንህ።»

መፋቂያቸውን በመሐረብ ጠቀለሉና ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡ። «ብሩሿ ግን» አሉ እያዘኑ፣ «በከተማው አንደኛ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ትርፌ ትኩሳት ነበራቸው። አንገታቸው ጉንጫቸውን አክሏል። ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው በነጠላቸው ጫፍ ያብሱ ነበር። በሩቅ ወዳለው ሆስፒታል የምትሄደው ብቸኛ መኪና እንግዶቹን ልታመጣ ሄዳለች። ስለዚህ ይዣቸው ወደ ሜዳው ሄድኩ፤ ዋንጫ ሊቀበሉ ሳይሆን ወንበሬ እዚያ ስለሆነ።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። ከካርቶን የተሠራ፣ የሰው ቁመት ያለው ብሩሽ በአራት ሰው ተይዞ ዞረ። የክብር እንግዳው በእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡና ወደ ኋላ ሲደገፉ ወንበሩ እንደ ልማዱ ተለጠጠ። እግራቸው ወደ ላይ፣ ፊታቸው ወደ ሰማይ ሆነ። ምናልባት እንዲህ መሆን ፈልገው ይሆናል ተብሎ ማንም አልነካቸውም። የአቶ ጓንጉልን የአርባ ደቂቃ ንግግር ደመና እያዩ አዳመጡ። ከጎናቸው፣ በመስታወቱ ሥር፣ ጉጠቶቼ በመጠን ተደርድረዋል። ማደንዘዣዬ ላይ «ሰዎች ጥርሳቸውን ያማቸው በነበረበት ዘመን ይወጉት የነበረ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሕፈት ቤቱ ለእይታ የሚያቀርባቸውን ዕቃዎች በጣም ያከብራል፤ ሁሉም እንደነበሩ፣ ንጹሕ፣ ከነማሸጊያቸው ነበሩ።

ሪባኑ ተቆረጠ። ከዚያ የሞዴሉ ስም ተጠራ።

እትዬ ትርፌ ሦስቱን ደረጃ ወጡ። በመስታወት ሣጥን ያለ፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባ ብሩሽ ተሰጣቸው። መድረክ መሪው «እስቲ አንዴ ፈገግ ይበሉልን!» አለ። ፈገግታው ከነጠላው ውስጥ እየተካሄደ ነው ተብሎ ታሰበና ተጨበጨበ። እትዬ ትርፌ አመሰግናለሁ ሊሉ ሞከሩ። የወጣው ፉጨት የመሰለ ድምፅ ብቻ ነበር። ሣጥኑ ከእጃቸው ወደቀ፤ እሳቸውም ተከተሉት።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ወንበሩ ጋ ስደርስ ከላይ ሆኜ የክብር እንግዳውን ቁልቁል አየኋቸው።

«ይነሱልኝ።»

«አንቺ ማን ነሽ?» አሉ ከተጋደሙበት።

«የወንበሩ ባለቤት።»

መነሳት ስላልቻሉ መርገጫውን ረገጥኩት። ወንበሩ ቀጥ ሲል ራሱ አቆማቸው። እትዬ ትርፌን አስቀመጥኳቸው፣ መስታወቱን ገለበጥኩት፣ ለእንግዶች ሻይ የተፈላውን ውሃ ጎትቼ እጄን ታጠብኩ።

«ሪፖርቱ!» አሉ አቶ ጓንጉል። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። «ሪፖርቱ!»

«እትዬ ትርፌ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

ዐይናቸው መድረኩን ዞረ። አሥራ አንድ ባለሥልጣን። ሁለቱንም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋውን ለብሼ ቢሆን ኖሮ አውልቄ እጥለው ነበር፤ ግን አሥራ አንዱን ባለሥልጣን ማውለቅ አይቻልም።

«ቧንቧው» አሉ በጣቶቻቸው መሐል፣ በጭንቅ።

«ካልተነፈሱ ውሃ ምን ያደርግልዎታል?»

አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውነታቸው ሁሉ ትንፋሽ ፍለጋ ይንቀጠቀጣል፣ እጃቸው ግን አልተነሳም። ሥልጣን ላለው ሰው ጥርስ ከማሳየት መሞት የሚቀልበት አገር ላይ ነበርኩ፤ በተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ጉጠት የለም።

ያን ጊዜ የድምፅ ማጉያው ጮኸ።

«ክቡራን ባለሥልጣናት» አለ የጋሽ ልመንህ ድምፅ። ከየት እንደመጡ አላየሁም፤ ቅጻቸውን ይዘው፣ መነጽራቸውን አንጠልጥለው መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመዋል። «በደንቡ መሠረት ነውሩ አፍ መክፈት ሳይሆን ሹም ማየቱ ነው። ስለዚህ፣ በትሕትና፣ ፊታችሁን ወደ ድንኳኑ እንድታዞሩ እጠይቃለሁ። ዙሩ!»

ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። የክብር እንግዳው መጀመሪያ ዞሩ፤ ሌሎቹ የእሳቸውን ጀርባ አይተው ዞሩ። አቶ ጓንጉል የመጨረሻው ነበሩ። አሥራ አንድ ጀርባ በአንድ መስመር ቆመ።

እትዬ ትርፌ እጃቸውን አወረዱ፤ አፋቸው የጣት ያህል ተከፈተ።

ሌላው ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ አይተረክም። ወጋሁ፣ ጠበቅሁ፣ ድዱን ቀደድኩት። የመግሉ ሽታ እስከ ሦስተኛው ረድፍ ደረሰ። ጥርሱ ከነሁለት ሥሩ ወጣ። እትዬ ትርፌ ጎንበስ ብለው ብዙ ተፉ፤ ከዚያ ደረታቸው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ። ረዥም፣ ባለ ድምፅ ትንፋሽ ነበር። ሜዳው ሙሉ ሰው ሰማው።

ከጥርስ ሕመም ነጻ የሆነ ሕዝብ ጉጠቴ ላይ ያለውን ጥርስ እያየ ቆመ። ከዚያ ከመሐል አንዲት ማገዶ ሻጭ ሴት እጇን አወጣች።

«ወንበሩ» አለች፣ «አሁን ባዶ ነው?»

ማደንዘዣው እስኪያልቅ ድረስ፣ እትዬ ትርፌን ጨምሮ፣ ዘጠኝ ሰው አከምኩ። አሥራ አንዱ ባለሥልጣናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ወደ ድንኳኑ ዞረው ቆሙ፤ ተመለሱ የሚላቸው ሰው ስላልነበረ።

ሰኞ ዕለት አቶ ጓንጉል መግለጫ አወጡ። በበዓሉ ላይ የተነቀለው ጥርስ ተጣርቶ፣ ወይዘሮ ትርፌ ወደ ከተማዋ በትዳር ከመምጣታቸው በፊት በአጎራባች ወረዳ ያበቀሉት ጥርስ መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ የከተማዋ ቁጥር ዜሮ እንደሆነ ይቀጥላል። ስለ ሌሎቹ ስምንት ጥርሶች መግለጫው «የኪነ ጥበብ ትርኢት» ይላል። እኔ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ዓሥር ቀን ተሰጠኝ። የእትዬ ትርፌ ጨርቅ ግን በበሩ ላይ ቀረ፤ ብሩሻቸው እንከን የለውምና።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ልመንህ ለመደበኛ ቁጥጥር መጡ። ከቅዳሜ ወዲህ ጎበጥ ብለዋል፤ ለዚያ ንግግራቸው ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። የጉንጫቸው እብጠት የጎደለላቸው እትዬ ትርፌ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በር ላይ ጠበቋቸው።

«እንዴት አደሩ ወይዘሮ ትርፌ። ብሩሹን ለማየት ነው።»

«ይግቡ።»

ሳሎን ገባን። እትዬ ትርፌ ወንበር ላይ ወጡ፣ ሳጥኑን አወረዱ፣ መስታወቱን ከፈቱ። ጋሽ ልመንህ ማጉያቸውን አነሱ። እትዬ ትርፌ ብሩሹን አልሰጧቸውም። ፕላስቲኩን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሰነጠቁት። አምስት ዓመት የተዘጋ ፕላስቲክ ሲቀደድ ይጮኻል።

«ወይዘሮ ትርፌ» አሉ ጋሽ ልመንህ በሹክሹክታ። «እኔ ሳላይ ያድርጉት። ወደ ግድግዳው ልዙርልዎ?»

«አይ፣ ይዩ።»

ወደ ቧንቧው ወጡ። ውሃውን ከፈቱ፣ ብሩሹን አረጠቡ፣ በአምስት ዓመቱ የደነደነውን ሳሙና ጨመቁት። «ከየት ነው የሚጀመረው?» ብለው ጠየቁኝ። ከኋላ አልኳቸው። ተቆጣጣሪው ፊት ቆመው፣ አፋቸውን እስከ ጆሯቸው ከፍተው፣ የተነቀለው ጥርስ ክፍተት ሳይቀር ቦረሹ። ከአጥሩ ማዶ ዕቁባይ ልጇን አቅፋ ታይ ነበር።

«ዕቁባይ!» አሉ እትዬ ትርፌ አረፋውን ተፍተው። «ይቅር በይኝ፤ ወንዝ ልትወርጂ ነው።»

«ምን ወንዝ አመጣብዎት?» አለች ዕቁባይ። «ቆይ፣ የኔን ላምጣው።»

ጋሽ ልመንህ ቅጻቸውን አወጡ። «ያገለገለ» የሚለውን እየጻፉ እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ወረቀቱን ቀደደባቸው። ደንብ ነው። ከበሩ ላይ ጨርቁን ራሳቸው አወረዱ፣ አራት ቦታ አጠፉት፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ካለው መሐረብ ጎን አስገቡት። «ቧንቧ ዘጊው ነገ ጠዋት ይመጣል» አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። «ነገ ጠዋት እንጂ ዛሬ አይመጣም» ብለው ጨመሩ፤ ድምፃቸውንም ለመንደሩ እንዲሰማ ከፍ አደረጉት።

ቧንቧ ዘጊው ዓርብ ጠዋት መፍቻውን በትከሻው ተሸክሞ ሲመጣ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ነበር። ሁሉም በእጁ ብሩሽ ይዟል፤ አንዳንዱ ብሩሹ የተሰቀለበትን ሚስማር እንኳ አልነቀለውም። እኔ ከፊት ቆሜ «ከኋላ፣ ወደ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ድዳችሁን አትቅደዱት» እያልኩ እጮሃለሁ። መሐል ላይ ጋሽ ልመንህ አሉ፤ ብሩሽ የላቸውም፣ መፋቂያቸውን ይዘው ለመጉመጥመጥ ብቻ ነው የተሰለፉት።

ሰውዬው ጎርደድ ጎርደድ አለ። ደንቡ ውሃ በመቅዳት ላይ ያለን ሰው ማቋረጥን ይከለክላል። «ሲጨርሱ እዘጋዋለሁ» አለና በርሜል ገልብጦ ተቀመጠ።

ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር ሲጨርስ መጀመሪያ የቦረሹት ምሳ በልተው ተመለሱ። በቀን ሁለት ጊዜ ነው ብያቸው ነበር።

በስድስተኛው ቀን ሻንጣዬን ይዤ በዚያ ሳልፍ፣ ቧንቧ ዘጊው መፍቻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እዚያው በርሜሉ ላይ ነበር። እትዬ ትርፌ አንድ ብሩሽ ሰጥተውታል። «ተራዬ ሲደርስ ንገሩኝ» እያለ ነበር።